ጉሙ ያልተነካው ወረቀት ነው

በ1805 የጀርመኗ ቫይማር ከተማ የሥዕል ውድድር ነበረባት (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ውድድሩን ከወዳጆቹ ጋር ያዘጋጀው ባለቅኔው ጎተ ሲሆን፣ ርዕሱም አስቀድሞ ተቆርጦ ነበር፤ የግሪኩ ኃያል የሄራክልስ ገድል። ከድሬስደን ከተማ ግን ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪሕ የሚባል የ30 ዓመት ሠዓሊ ከርዕሱ ጋር ምንም የማይገናኙ ሁለት ሥዕሎች ላከ። አንደኛው ፀሐይ ስትወጣ በሰልፍ የሚሄዱ ምእመናንን፣ ሁለተኛው በሐይቅ ዳር ያሉ ዓሣ አጥማጆችን ያሳያል። ሄራክልስ የሚባል የለም። ቀይ የለ፣ ሰማያዊ የለ፣ አረንጓዴ የለ፤ ሁለቱም ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ብቻ ናቸው። ዳኞቹ የርዕሱን ነገር ችላ ብለው ከሽልማቱ ተካፋይ አደረጉት።

ቡናማ ብቻ ይዞ የፀሐይን መውጣት መሣል እንዴት ይቻላል? ፍሪድሪሕ ፀሐይዋን አልሣላትም። ተዋት። ብርሃን ያለበትን ቦታ ብሩሹ ሳይነካው አለፈ፤ ዙሪያውን ግን ቀስ በቀስ አጠቆረው። የሚያበራው ባዶው ወረቀት ነው። ሮማንቲክ በሚባለው ዘመን፣ በግምት ከ1770ዎቹ እስከ 1840ዎቹ፣ አውሮፓ ውስጥ በቀለምና በውሃ የተሠሩት የተራራ ሥዕሎች አብዛኛው ምስጢራቸው ከዚህች ዘዴ ይነሣል።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። አማርኛ «ቀለም» ሲል ቤት የሚቀባውንም፣ ፊደል የሚጻፍበትንም፣ የጨርቁን ቀይነትም በአንድ ስም ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ ቀለም ስል የጽሕፈቱን ዓይነት፣ በውሃ የሚቀጥነውን ማለቴ ነው። በዘይት ስለሚለወሰው ሳነሣ «የዘይት ቀለም» ብዬ እለየዋለሁ። ልዩነቱ ዋና ጉዳይ ነው። በዘይት የሚሠራ ሰው ብርሃን ሲፈልግ ነጭ ቀለም ይጨምራል፤ ከተሳሳተም በላዩ ይቀባበታል። በውሃ ቀጭን ቀለም የሚሠራው ግን ማጨለም እንጂ ማብራት አይችልም። አንዴ ያጠቆረውን ቦታ መልሶ ነጭ ማድረግ ይከብደዋል፤ ወረቀቱን በቢላ ቢፍቀው እንኳ ፍቀቱ ያስታውቃል።

ተራራውስ ለምን? ለቀደሙት የአውሮፓ መንገደኞችና ነጋዴዎች የአልፕስ ተራሮች በአብዛኛው መከራ ነበሩ፤ በረዶ፣ ናዳ፣ የሚሰበር የበቅሎ እግር። ሐሳቡ የተለወጠው በዝግታ ነው። ስዊዛዊው ሐኪምና ባለቅኔ አልብሬኽት ፎን ሃለር በ1732 አልፕስን የሚያወድስ ረጅም ግጥም አሳተመ። በ1757 ደግሞ ፈላስፋው ኤድመንድ በርክ ውብ ነገርና የሚያስፈራ ታላቅ ነገር ሁለት የተለያዩ ስሜቶች እንደሚቀሰቅሱ፣ የሚያስፈራውም ከአደጋ ውጭ ሆነው ሲያዩት ልዩ ደስታ እንደሚሰጥ ጻፈ። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ብዙ ገጽ ማንበብ የሚያስፈልገው አይመስለኝም፤ «ግርማ» የሚለው ቃል ውበቱንም ፍርሃቱንም አንድ ላይ ይዞታል። ነሐሴ 8 ቀን 1786 በአልፕስ ሥር ያለችው የሻሞኒ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሐኪም ሌላው ማዕድን ፈላጊ፣ ከ4,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሞን ብላን ጫፍ ረገጡ። ከዚያ ወዲያ ተራራ ሰው ሆን ብሎ የሚሄድበት ቦታ ሆነ። የሚሄድ ሰው ካለ ደግሞ ሥዕል የሚገዛ አለ።

አሁን ወደ ቀለሙ እንግባ። ሠዓሊዎቹ ከየት ነበር የሚያገኙት?

ከምድጃ፣ ከዛፍ እና ከባሕር ነው። ከምድጃ የሚገኘው ቢስተር ይባላል፤ የእንጨት፣ በተለይ ቢች የሚባለው ዛፍ ጥቀርሻ ተፈጭቶ፣ ተቀቅሎና ተጠልሎ የሚወጣ ቡናማ ፈሳሽ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ስለሚያዘጋጁ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከምሥራቅ የመጣው የቻይና ቀለምም መሠረቱ ጥላሸት ነው፤ የመብራት ጥላሸት በሙጫ ተለውሶ በደረቅ ቁራጭ ይሸጣል፣ ሠዓሊው በውሃ እየፈተገ ያሟሟዋል፤ ሲቀጥንም ቀዝቃዛ ግራጫ ይሰጣል። ከዛፍ የሚገኘው ደግሞ በኦክ ዛፍ ላይ ነፍሳት እንቁላል ሲጥሉ ከሚያብጠው እብጠት የሚሠራ ሲሆን፣ ከብረት ጨው ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ይህ የሰው ሁሉ የደብዳቤ ቀለም ነበር። ክፉ ጠባይ ግን አለው፤ ዘመን ሲቆጠር ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ አንዳንዴም ወረቀቱን እንደ ብል ይበላዋል። ስለዚህ በሙዚየም ቡናማ መስመር ያየ ሰው ሠዓሊው ቡናማ ፈልጎ ነበር ብሎ ባይቸኩል ጥሩ ነው፤ ሲሠራ ጥቁር የነበረ ሊሆን ይችላል።

የዘመኑ ንጉሥ ግን ከባሕር የመጣው ሴፒያ ነው። ሴፒያ የኦክቶፐስ ዘመድ የሆነ የባሕር እንስሳ ስም ነው። ጠላት ሲመጣበት ከሆዱ ከረጢት ጥቁር ፈሳሽ ረጭቶ ውሃውን ያደፈርስና ይሰወራል። ከረጢቱ ደርቆ ተፈጭቶ ሲነጠር ሞቅ ያለ ቡናማ ይወጣዋል፤ ከቢስተር ይልቅ ንጹሕ፣ በውሃ ሲቀጥን ደግሞ ለስላሳ። በ1770ዎቹ መጨረሻ ገደማ ያኮብ ሳይድልማን የተባለ የድሬስደን ሠዓሊ ይህን ቀለም አጥርቶ ለትልልቅ ሥዕሎች የሚሆንበትን መንገድ አበጀ። ከዚያ በኋላ ድሬስደን የሴፒያ ከተማ ሆነች፤ ፍሪድሪሕም በ1798 ኮፐንሃገን ትምህርቱን ጨርሶ ሲመጣ የደረሰው እዚህ ሙያ መሐል ነው። አንድ እንስሳ ራሱን ለመደበቅ የሚረጨው ድፍርስ፣ ተራራን በጉም ለመደበቅ መዋሉ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጨርሳል። ወረቀቱ መጀመሪያ በውሃ ይርስና ዳር ዳሩ በሙጫ ከእንጨት ሰሌዳ ጋር ይያያዛል፤ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል፣ በኋላ ውሃ ሲነካው አይጨማደድም። በእርሳስ ቀጭን ንድፍ ይሠመራል። ከዚያ ሠዓሊው ቀለሙን በብዙ ውሃ አቅጥኖ ከብርሃኑ በቀር ሁሉን በለስላሳ ብሩሽ ይሸፍነዋል። እስኪደርቅ ይጠብቃል። ቀጥሎ እጅግ ሩቅ ያለውን የተራራ ሰንሰለት እንደ ነበረ ትቶ ከእሱ ወዲህ ያለውን ሁሉ ደግሞ ይሸፍናል። ይጠብቃል። ሁለተኛውን ሸንተረር ይተውና ከዚያ ወዲህ ያለውን ይደግማል። ሩቁ ተራራ አንድ ልብስ ለብሶ ሲቀር፣ ቅርቡ አምስትና ስድስት ይደርባል። መጨረሻ ላይ በዝይ ላባ ብርዕ ወይም በቀጭን ብሩሽ ከፊት ያለው ዐለት ስንጥቅ፣ የጥዱ ቅርንጫፍ፣ የመንገደኛው በትር ይወጣል።

ይህ ቅደም ተከተል ከተፈጥሮ የተቀዳ ነው። በእኛና በሩቁ ተራራ መካከል ያለው አየር እርጥበትና አቧራ ስለሚይዝ ብርሃንን ይበትናል፤ በዚህ ምክንያት ተራራ በራቀ ቁጥር ይገረጣል፣ ጥላውና ብርሃኑም ይቀራረባሉ። ማለዳ ከገደል አፋፍ ቆሞ ሸንተረሮቹ አንዱ ከሌላው ጀርባ እየደበዘዙ ሲሄዱ ያየ ሰው የሴፒያን ሥዕል በተፈጥሮ አይቶታል ማለት ነው። አንድ ቀለም ብቻ መያዙ እዚህ ጋ ድህነት መሆኑ ይቀራል፤ ርቀት የሚለካው በድምቀትና በድብዛዜ ስለሆነ ሌሎቹ ቀለማት ባይኖሩም ዓይን ምንም አይጎድልበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ጉሙ ነው። ቀጭን ቀለም ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ይሰበሰብና ስለታም መስመር ይተዋል። ለዐለት ጥሩ ነው፤ ለጉም ግን ሞት ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ሁለት ብሩሽ ይይዛል፣ አንዱ በቀለም፣ አንዱ በንጹሕ ውሃ። ቀለሙን ከተራራው ወገብ እስከ ጉሙ አፍ ካወረደ በኋላ፣ ሳይደርቅ ቶሎ በንጹሑ ብሩሽ ጠርዙን እያሳሳ ወደ ባዶው ወረቀት ያቀልጠዋል። ጥቂት ሰከንድ ከዘገየ መስመሩ ይቀራል። ከቸኮለ ቀለሙ ወደ ነጩ ይፈስሳል። ፍሪድሪሕ በዚህ የሚስተካከለው አልነበረም፤ የተራራው ሥር ምን ጋ አልቆ ጉሙ ምን ጋ እንደጀመረ በሥዕሎቹ ላይ ጣት መጠቆም ያስቸግራል።

ፍሪድሪሕ እነዚህን ተራሮች የሚያገኘው በእግሩ ሄዶ ነው፣ ሩቅም አይደሉም። ከድሬስደን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ኤልበ ወንዝ የአሸዋ ድንጋይ ቆርጦ የሚያልፍበት አገር አለ፤ ቀጥ ያሉ የድንጋይ ዓምዶች፣ ጠፍጣፋ አናት ያላቸው አምባዎች። በ1766 ወደ ድሬስደን የመጡት ስዊዛውያን አድርያን ሲንግና አንቶን ግራፍ አገራቸውን ስላስታወሳቸው «የሳክሶኒ ስዊዘርላንድ» አሉት ይባላል፤ ስሙም ጸና። ሲንግ ይህን ምድር በትልልቅ ወረቀት በብርዕና በቡናማ ቀለም እየሣለ ለጎብኚም ለሰብሳቢም ይሸጥ ነበር፤ ተማሪዎችንም አሠለጠነ። ከተማሪዎቹ የአንዱ ልጅ የሆነው ሠዓሊው ሉድቪሽ ሪሽተር በትዝታው እንደሚያማርረው፣ በሲንግ ትምህርት ቤት ቅጠል የሚሣለው ዛፉ ታይቶ ሳይሆን በተሸመደደ ቅርጽ ነበር፤ ይህ ለኦክ፣ ያኛው ለሊንደን እየተባለ። ሪሽተር እውነት ሳይኖረው አይቀርም። ያም ሆኖ ያ የአገር ገጽታ በሥዕል ዓይን እንዲታይ ካደረጉት አንዱ ሲንግ ነው።

የኛ አንባቢ ቁጥሩን ሲሰማ ሊስቅ ይችላል። ከአምባዎቹ መካከል ታዋቂ የሆነው ሊሊየንሽታይን ከፍታው 415 ሜትር ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ከተቀመጠችው አዲስ አበባ ቢታይ ጉድጓድ ነው። ጎተ በ1777 በክረምት ወጥቶት እንደ ጀብዱ የተቆጠረለት ብሮከን የሚባለው፣ ሃርትስ በተሰኘው የጀርመን ተራራማ አገር ያለው ጫፍ እንኳ 1,141 ሜትር ብቻ ነው። ታዲያ በሥዕሎቹ ላይ ለምን ይገዝፋሉ? ግርጌያቸው ስለማይታይ ነው። ጉም የዋጠው ተራራ ምን ያህል ጥልቅ እንደሚወርድ ዓይን መለካት አይችልም፤ መለካት ሲያቅተው ያገዝፈዋል። ያልተቀባው ወረቀት በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፣ ያበራል፣ ቁመትም ይጨምራል።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። እነዚህ ተራሮች በአብዛኛው እንደተሣሉት ሆነው በምድር ላይ አይገኙም። ፍሪድሪሕ ሜዳ ሲወጣ በእርሳስ ይነድፋል፤ አንድ ዐለት፣ አንድ ጥድ፣ አንድ ሸንተረር። ቀኑን ይጽፋል፤ የዓይኑ ከፍታ የት ላይ እንደነበር በመስመር ያመለክታል። ሌላው ሁሉ የሚሠራው ከዓመታት በኋላ በቤቱ ነው። የናፖሊዮን ጦርነት ድሬስደንን ሲያስጨንቃት በ1813 ክሪፐን በምትባል የኤልበ ዳር መንደር ተጠልሎ የነደፋቸው ዐለቶች፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ በሚያውቀው፣ ከጉም ባሕር በላይ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመውን መንገደኛ በያዘው የ1818 ገደማ የዘይት ሥዕሉ ውስጥ ገብተዋል። ከሁሉ የሚገርመው ቫትስማን ነው፤ 2,713 ሜትር ከፍታ ያለው የባቫሪያ አልፕስ ጫፍ። ፍሪድሪሕ በ1824 እና 1825 ትልቅ አድርጎ በዘይት ሣለው። አልፕስን ግን በዕድሜው አላየም። በረዶ የለበሰውን ጫፍ የወሰደው አውጉስት ሃይንሪሕ ከተባለ ወጣት ሠዓሊ ሥራ ነው፤ ፊት ለፊት ያለውን ዐለት ደግሞ ራሱ በ1811 ሃርትስ ውስጥ ከነደፈው። ሁለቱ በምድር ላይ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተራርቀዋል፤ በሸራው ላይ ጎረቤታሞች ናቸው። ይህን ውሸት ነው የሚል ይኖራል። ለእኔ ግን ሥዕሉ ካርታ ነኝ ብሎ አያውቅም።

እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ኮዘንስ ከዚህም ርቆ ሄዷል። በ1780ዎቹ አጋማሽ ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፉ፣ ተራራ ለመሣል ተራራ ማየት እንኳ የግድ እንዳልሆነ አሳየ። በወፍራም ብሩሽ ቀለም ነክረህ፣ ጠቅላላ ሐሳብ ብቻ ይዘህ፣ ወረቀቱ ላይ ቶሎ ቶሎ ጣል ጣል አድርግ፤ ከዚያ ስስ ወረቀት ደርብበትና ከጠብታው ውስጥ የታየህን ገደልና ዛፍ አውጣ። ብዙዎች ሣቁበት። ዘዴው ግን ሞኝነት አልነበረም፤ እጅ የለመደውን ከመድገም እንዲወጣ ያስገድደዋል፤ የሲንግ ተማሪዎች ቢሞክሩት ኖሮ ከተሸመደደው ቅጠል ይገላገሉ ነበር።

ሁሉም ግን ጉም አይወድም። በአልፕስ ውስጥ ያለችው የቲሮል ሰው ሠዓሊው ዮሴፍ አንቶን ኮኽ በልጅነቱ እረኛ ነበር፤ ተራራን ከሥሩ ያውቀዋል። በ1790ዎቹ መጀመሪያ ከሽቱትጋርት ትምህርት ቤት ጠፍቶ በስዊዘርላንድ ሲዞር በቀለም የሞላቸውን ንድፎች ይዞ ሮም ገባ፤ እዚያ ከነደፈው የሽማድሪባኽ ፏፏቴም በ1811 ትልቅ የዘይት ሥዕል አወጣ። በኮኽ ሥራ ሁሉም ይታያል፤ የበረዶው ጫፍ፣ የውሃው ክር፣ የጥዱ መርፌ፣ እኩል ጥርት ብለው። እረኛ ከብቱን ይቆጥራል፤ ተራራው በጉም ቢሸፈንበት ጉዳት ነው እንጂ ግርማ አይደለም። እኔ ወደ ፍሪድሪሕ ባዘነብልም፣ አገሩን የሚያውቀው ኮኽ እንደነበር መካድ አልችልም።

ይህ ሙያ ከእኛ ተራሮችም ጋር የተገናኘበት አንድ መንገድ አለ፤ መነሻው ለንደን ያለ የአንድ ሐኪም ቤት ነው። ዶክተር ቶማስ ሞንሮ የአእምሮ ሕሙማን ሐኪም ነበር። በ1794 አእምሮው የታመመው የአሌክሳንደር ኮዘንስ ልጅ፣ ጆን ሮበርት፣ በእሱ እጅ ነበር፤ አልፕስን በ1776 ያቋረጠና በግራጫና በሰማያዊ ስስ ቀለም የሚሥል ታላቅ ባለሙያ። ሞንሮ የበሽተኛውን ንድፎች ለሁለት ወጣቶች እየሰጠ ማታ ማታ ያስገለብጣቸው ነበር። ወጣቶቹ ቶማስ ገርቲንና በኋላ የእንግሊዝ ሠዓሊዎች ሁሉ አውራ የሆነው ዊልያም ተርነር ናቸው። ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ማታ ገርቲን መስመሩን ያወጣል፣ ተርነር በብሩሽ ይሞላል፤ ለተርነር በማታ 3 ሺሊንግ ተኩል ይከፈለዋል። ተርነር አልፕስን በዓይኑ ያየው በ1802 ነው፤ ከዚያ በፊት በሌላ ሰው ጉም ውስጥ ተመላልሶበታል።

ይህን የማታ ሥራ ከወጣቶቹ አፍ ሰምቶ በ1798 ማስታወሻው ላይ ያሰፈረው ጆሴፍ ፋሪንግተን ራሱም የመልክዐ ምድር ሠዓሊ ነበር። ሄንሪ ሶልት የሚባል ተማሪም ነበረው። ሶልት በ1805 የአንድ እንግሊዛዊ መስፍን ጸሐፊና ሠዓሊ ሆኖ ትግራይ ገባ፣ ከገዥው ከራስ ወልደ ሥላሴም ጋር ተገናኘ፤ በ1809 ተመልሶ ሌላ ጉዞ አደረገ። ከመጀመሪያው ጉዞ የሣላቸው እይታዎች፣ የአክሱም ሐውልትና የትግራይ አምባዎች ጭምር፣ በ1809 ለንደን ውስጥ በትልቅ ጥራዝ ታተሙ። የታተሙበት ዘዴ አኳቲንት ይባላል፤ የመዳብ ሰሌዳ ላይ የሙጫ ዱቄት ተነስንሶ በአሲድ ሲበላ፣ ልክ በውሃ የቀጠነ ቀለም የመሰለ ጥላ ያትማል። ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ ጀርመናዊው ዮሐን ማርቲን በርናትስ ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ የሸዋን ከፍታዎች ሥሏል። በሁለቱም ሥራ ሩቁ አምባ ገርጥቶ፣ ቅርቡ ጠቁሮ ይታያል፤ አንድ ልብስ፣ ሁለት ልብስ።

ወደ ፍሪድሪሕ ልመለስና ላብቃ። በ1807 ገደማ ወደ ዘይት ቀለም ዞሮ ነበር፤ ዝናውም ዛሬ በዘይቱ ነው። በ1835 ግን ግማሽ አካሉን የሚያሽመደምድ ሕመም መታው፤ ትልቅ ሸራ ፊት መቆም ከበደው። እስኪሞት ድረስ በቀሩት አምስት ዓመታት በአብዛኛው የሠራው ሠዓሊነቱን ወደጀመረበት ሴፒያና የውሃ ቀለም ተመልሶ ነው።

እነዚህን ወረቀቶች ሙዚየም ሄዶ ማየት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ አያገኛቸውም። የዘይት ሥዕሎቹ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ቢውሉም፣ የቀለም ሥዕሎቹ ጨለማ ሣጥን ውስጥ ተኝተዋል፤ ለጥቂት ወራት በደብዛዛ መብራት ይወጡና ይመለሳሉ። ብርሃን ቀለሙን ያሳሳዋል፤ ወረቀቱን ደግሞ ቢጫ ያደርገዋል። ወረቀቱ ቢጫ ሲሆን የሚጠፋው ዳር ዳሩ አይደለም። ፀሐይዋና ጉሙ ናቸው የሚጠፉት፤ እነሱ የተሠሩት ከወረቀቱ ነዋ።